ፊት የሌለው የሙሽራ ፎቶ

ይሄ ነገር ደርሶብኛል። ከሰው ሰምቼ ወይ ከሌላ ቻናል ቀድቼ አይደለም የምጽፍላችሁ። ማመን ያቃተው እስከ መጨረሻው ያንብብና ይፍረድ።

2008 ዓ.ም.፣ ሚያዝያ ወር። ጅግጅጋ።

ከቀኑ ሰባት ሰዓት አልፏል።

አዎ፣ ቀን ነው። እንዲህ ያለ ነገር በጨለማ ብቻ የሚመጣ ከመሰላችሁ የጅግጅጋን የምሳ ሰዓት አታውቁትም ማለት ነው። ከስድስት ሰዓት ጀምሮ ሱቁ ሁሉ ይዘጋል። ባጃጁ ጥላ ፈልጎ ይቆማል። ግማሹ ሰው ይተኛል፣ ግማሹ ጫቱን ይዞ ቤቱ ይገባል። እስከ ዘጠኝ ሰዓት መንገድ ላይ የሚመላለሰው ንፋስና አቧራ ብቻ ነው።

ያን ቀን ግን ንፋሱም አልነበረም...

ስሜ ፋኑኤል ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ፣ ውጤት ሳይመጣልኝ ቀርቶ ቤት ተቀምጬ ነበር። ጓደኛ ብዙም የለኝም። ድሮም ከሰው ጋር ከመጫወት ይልቅ ብቻዬን ሆኜ ማሰብ ይቀናኛል። እናቴ ወለተሐና "ይሄ ልጅ ቁጭ ብሎ ይሄዳል" ትላለች።

ሥራ ያገኘሁትም በእሷ ነው። ጎረቤታችን ኤዶ ሳዳ ከገበያው ጀርባ የሙሽራ ቤት አላት። ኤዶ በሶማሊኛ አክስት ማለት ነው፤ እኛ ሰፈር ትልልቅ ሴቶችን ሁሉ እንደዚያ ነው የምንጠራው። ሂና ትቀባለች፣ ዲራዕ የሚባለውን የሶማሌ ቀሚስ ታከራያለች፣ ሙሽራ ታስውባለች።

የደንበኞቿ ግማሽ እዚህ አይኖሩም። ሚኒሶታ፣ ለንደን፣ ጅቡቲ ያሉ እህቶችና አክስቶች ናቸው። እዚህ ለምትዳረው ዘመዳቸው ልብሱንም የሂናውንም ዓይነት ከሩቅ መርጠው የሚያዙት እነሱ ናቸው። ስለዚህ ኤዶ ሳዳ ሐሙስ ሐሙስ አዳዲስ ፎቶ በኢሜይል ትልክላቸዋለች። ውጭ ያለ አንድ ዘመዷ ለብዙ ሰው ባንድ ጊዜ ኢሜይል የሚልክ ሶፍትዌር ከፍቶላት ነበር። እሱን የማንቀሳቀሰው እኔ ነኝ።

አድራሻ አስገባለሁ። ፎቶ አሰናዳለሁ። የሚላክበትን ሰዓት እሞላለሁ። ይኸው ነው።

አንድ ሕግ ነበረን።

ፊት የለም።

ሙሽራ ስትዋብ ጸጉሯም አንገቷም ተገልጦ ነው። ያንን ባዳ ወንድ አያየውም። ፎቶውን የምታነሳው የኤዶ ሳዳ የእህት ልጅ ነጅማ ናት። ራሷ ታነሳዋለች፣ ራሷ ሶፍትዌሩ ላይ ትጭነዋለች፣ ከዚያ ከአንገት ጀምሮ ወደ ላይ ያለውን እዚያው ትቆርጠዋለች። እኔ ጋ የሚደርሰው እጅ፣ ክንድ፣ የልብስ ጥልፍ ብቻ ነው።

የእኔ ክፍል ከጀርባ ያለችው ትንሽ ክፍል ናት። ግድግዳዋ እንኳ አልተቀባም። ከሴቶቹ የሚለየን መጋረጃ ነው። ወደ እነሱ ማለፍ ስፈልግ መጀመሪያ ሳል አደርጋለሁ። "እለፍ" እስኪሉኝ እቆማለሁ። ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው፣ አንድም ቀን ሳልስል አልፌ አላውቅም።

ነጅማ በዚህ ትስቅብኛለች። "ዋርያ ፋኑኤል" ትለኛለች፣ "ሙሽራ ሳያይ ሙሽራ የሚሸጥ ሰው አንተን ብቻ ነው ያየሁት።"

እኔም እስቃለሁ። ግን...

ለእያንዳንዱ እጅ ፊት እሠራለት ነበር። ጣቷ ረዘም ያለውን ቀጭን አፍንጫ እሰጣታለሁ። አውራ ጣቷ አጭር የሆነችውን ሳቂታ አደርጋታለሁ። ጥፍሯን የምትበላዋን ዓይኗን ትልቅ አድርጌ እፈራላታለሁ። ማንንም አልነካሁ፣ ማንንም አላየሁ። ጥፋት አልመሰለኝም።

ከዕለታት አንድ ቀን የራሴን ስህተት ሳስተካክል ነው ያቺን ቁልፍ ያየኋት። የአንዱን ዲራዕ ጠርዝ ሳላስበው ቆርጬዋለሁ። ከፎቶው ጎን "ወደ መጀመሪያው መልስ" የምትል ቁልፍ አለች። ስነካት... የቆረጥኩት ሁሉ ተመለሰ።

እጄን ከማውሱ ላይ አነሳሁ።

ገባኝ። ሶፍትዌሩ የተቆረጠውን አይጥለውም። ይደብቀዋል እንጂ።

የሶፍትዌሩ የፎቶ ማህደር ውስጥ ያሉት ሙሽሮች ሁሉ... ፊታቸው እዚያው ነው።

ለነጅማ ብነግራት ኖሮ በዚያው ቀን ያልቅ ነበር። ካሜራዋ ላይ ቆርጣ ትጭነው ነበር። ቁልፏን ደግሜ አልነካኋትም።

ግን አልነገርኳትም።

ከዚያ ቢሻሮ መጣች።

የሐርተሼክ ከተማ ልጅ ናት። የምታገባው የዒጋልን ልጅ ነው። ዒጋል በጅቡቲ ድንበር፣ በደወሌ በኩል ዕቃ የሚያስመጣ፣ ጅግጅጋ ውስጥ የማያውቀው የሌለ ነጋዴ ነው። ሠርጉ ሳምንት ነበር የቀረው።

እኔ ከመጋረጃው ጀርባ የሰማሁት ድምፅዋን ብቻ ነው። ዝቅ ያለ፣ ቶሎ የማይቸኩል ድምፅ። ሂናው አልቆ ነጅማ ካሜራዋን ስታነሳ ቢሻሮ እምቢ አለች። ፎቶ አልፈልግም አለች። ኤዶ ሳዳ ለመነቻት። እንዲህ ያማረ እጅ ስንት ዘመን እንዳላየች ነገረቻት፤ በኋላም ወላሂ ብላ ማለችላት፣ እኔ እያለሁ ፊትሽን የሚያይ የለም አለቻት።

ቀደም ብሎ በአማርኛ ስልክ ሳወራ ሰምታኝ ነው መሰል፣ ቢሻሮ በአማርኛ ጠየቀች።

"እዚያ ውስጥ ያለው ማን ነው?"

"ልጃችን ነው" አለቻት ኤዶ ሳዳ። "ጨዋ ነው።"

"እሱ ከአንገት በላይ ሰው ምን እንዳለው አያውቅም" አለች ነጅማ። ሴቶቹ ሳቁ።

ቢሻሮ አልሳቀችም። ወደ መጋረጃው ቀርባ ይሁን እንጃ፣ ድምፅዋ በጣም አጠገቤ ሆነ።

"ወንድሜ። አንተ ነህ የምትልከው?"

"አዎ።"

"እጄን ብቻ?"

"እጅሽን ብቻ" አልኳት።

ፎቶው እኔ ጋ ሲደርስ ደጋግሜ አየሁት። ሁለት እጆች ጉልበቷ ላይ ተቀምጠዋል። ሂናው ከጣቶቿ ጫፍ እስከ ክርኗ ወጥቷል። የግራ ትንሿ ጣቷ ብቻ ከሌሎቹ ተለይታ ትንሽ ከፍ ብላለች፣ የሆነ ነገር ልትናገር እንደፈለገች።

እንደ ልማዴ ፊት ልሠራላት ሞከርኩ።

አልመጣልኝም።

በማግስቱም ሞከርኩ። ዓይኔን ጨፍኜ፣ ባጃጅ ውስጥ ቁጭ ብዬ፣ ምሳ እየበላሁ። ምንም። እጆቿ ይመጣሉ፣ ከዚያ በላይ ባዶ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ፊት እምቢ አለኝ።

ሐሙስ ደረሰ።

አሁን አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ ካልነገርኳችሁ የሆነው አይገባችሁም። አድራሻዎቹን ሁለት ቦታ ነው የምናስቀምጠው። አንደኛው የሴቶች ነው። ሁለተኛው የቤት። እኛ ጋ አንድ ኢሜይል ለአንድ ቤት ነው፤ ልጅ ይከፍተዋል፣ አባት ያነበዋል፣ እናት ታዝበታለች። ስለዚህ "የእገሌ ቤት" ተብሎ ለተመዘገበ የልብስ ፎቶ ብቻ ይሄዳል። እጅ እንኳ አይላክለትም።

ያን ቀን ኤዶ ሳዳ ስልኳን ሰጠችኝና አዲሶቹን ኮንታክቶች ሶፍትዌሩ ውስጥ እንዳስገባቸው፣ አንድ በአንድ እንድለያቸው አደራ አለችኝ። የቢሻሮን እጅ የያዘው ኢሜይል ስምንት ሰዓት ላይ ራሱ እንዲሄድ ጠዋት ሞልቼዋለሁ። እዚህ ስምንት ሲሆን ሚኒሶታ ይነጋል።

ኮንታክቶቹን ኮምፒውተሩ ላይ ገልብጬ ስልኳን መለስኩላት፤ ስድስት ሰዓት ላይ ሴቶቹ ለሶላትና ለምሳ ወጡ። የውጭውን የብረት በር ጓጉንቸር ከውጭ ቆለፉት። ሁልጊዜም እንዲሁ ነው፤ እኔ ምሳዬን ይዤ ስለምመጣ ውስጥ እቀራለሁ።

ቤቱ ጸጥ አለ።

መለየቱ ረጅም ሥራ ነው። እያንዳንዱን ስም አይቶ፣ የማን እንደሆነ አስታውሶ፣ ወደ ቦታው መላክ ነው። እኔ ግን ጠዋት ስነሳ ጀምሮ ልቤ ሌላ ቦታ ነበር። ሁሉንም ባንዴ የሴቶቹ ውስጥ ከተትኳቸው። ስሞቹ ስክሪኑ ላይ ወደ ላይ ሲሮጡ "የዒጋል ቤት" የሚለው አለፈ። ዓይኔ አይቶታል። እጄ ግን አላቆመም።

በኋላ አስተካክለዋለሁ አልኩ።

ከዚያ የቢሻሮን ፎቶ ከፈትኩ።

ዝም ብዬ ተቀመጥኩ... አየሁት... መጋረጃውን ዞር ብዬ አየሁ...

ቁልፏን ነካኋት።

እንደ ዲራዑ ባንዴ አልተመለሰም። የፎቶው የላይኛው ጠርዝ ብቻ ተፈታ። በማውሱ ይዤ ወደ ላይ መጎተት ነበረብኝ።

ጎተትኩ። የዲራዑ አንገትጌ ወጣ። የወርቅ ሐብል ወጣ። የአንገቷ ሥር ታየ።

ጎተትኩ። አንገት።

አሁን አገጭ መምጣት ነበረበት።

ጎተትኩ። አንገት።

ረጅም አንገት አላት አልኩ በልቤ። ሳቅም ብዬ ነበር።

ጎተትኩ። አንገት...

ሳቄ ቆመ። ከኋላዋ ያለው ግድግዳም አብሮ ወደ ላይ ይወጣል። የኤዶ ሳዳ ግድግዳ ሮዝ ቀለም ነው። ቀስ በቀስ ሮዙ አለቀና ግራጫ ሆነ። ያልተቀባ ብሎኬት። አንዱ ብሎኬት ጥጉ ላይ ተሸርፏል።

ቀና ብዬ የራሴን ክፍል ግድግዳ አየሁ።

ያልተቀባ ብሎኬት። ጥጉ ላይ የተሸረፈ።

መተው ነበረብኝ። መዝጋት፣ መነሳት፣ ውሃ መጠጣት ነበረብኝ። እኔ ግን ፎቶውን ከታች ጀምሬ ልየው ብዬ ወደ እጆቿ ወረድኩ።

ጉልበቷ ላይ አልነበሩም።

ያኔ ነው ሳሉን የሰማሁት።

ከመጋረጃው ወዲያ። ቀስ ያለ የሴት ሳል። ታማ የምትስል ሰው ሳል አይደለም። ፈቃድ የሚጠይቅ ሳል ነው።

በሩ ከውጭ ተቆልፏል። ጓጉንቸሩ ሲከፈት አልሰማሁም።

"ነጅማ?"

"ነጅማ... አንቺ ነሽ?"

መጋረጃው ሲገለጥ ቀለበቶቹ ሽቦው ላይ ሲንሸራተቱ ሰማሁ። ትኩስ ሂና ሸተተኝ፣ ገና ያልደረቀ። ወንበሬን ይዤ ልዞር ስል...

"አትዙር።"

ሹክሹክታ ነው። ከጀርባዬ።

"ማነው?"

"አትዙር። አልተሸፈንኩም።"

አልዞርኩም። አንገቴ እንደ እንጨት ደረቀ። የማየው ስክሪኑን ብቻ ሆነ። ማውሱ እጄ ውስጥ ነው፣ የፎቶውም ጠርዝ እጄ ውስጥ ነው።

ብለቀው ኖሮ ያበቃ ነበር። ይሄን በደንብ አውቃለሁ።

አልለቀቅኩትም። አፍሬ፣ ጆሮዬ እየነደደ፣ ከጀርባዬ ሰው ቆማ እየሰማችኝ... ጎተትኩ።

አገጭ።

ከንፈር።

ፊቷን አየሁት።

አይቼዋለሁ ስላችሁ እውነቴን ነው። ግን ምን ትመስላለች ብትሉኝ አላውቅም። ያን ቀን ማታም አላውቅም ነበር። የማስታውሰው እያየችኝ እንደነበር ብቻ ነው። ፎቶ እንደሚያይ አይደለም። ተቆጥታም አልነበረም። ሰው ልብሱ ተቀድዶ ሳያውቅ መንገድ ላይ ሲሄድ ያየ ሰው እንዴት እንደሚያየው ታውቃላችሁ? እንደዚያ። እሷ ለእኔ ነበር የምታፍርልኝ።

ኮምፒውተሩ ቲን አለ።

ስምንት ሰዓት።

"ተልኳል" አለ።

ዘልዬ ስነሳ ወንበሩ ወደቀ። ዞርኩ።

ማንም የለም። መጋረጃው እንደተዘጋ ነው። ገልጬ ሮጥኩ፤ ሳል ማድረግም አላሰብኩም። ዲራዖቹ ተሰቅለዋል፣ ትራሶቹ እንደተደረደሩ ናቸው። በሩ ከውጭ እንደተቆለፈ ነው።

ተመልሼ ኮምፒውተሩ ላይ ተደፋሁ። አንድ መላ ነበረኝ። የተላከው ኢሜይል ውስጥ ያለው ፎቶ ከማህደሩ ነው የሚመጣው። ማህደሩ ውስጥ ከለወጥኩት፣ ገና ያልከፈቱት ሰዎች የሚያዩት አዲሱን ነው። አንድ የልብስ ፎቶ መረጥኩ። "ለውጥ" የሚለውን ነካሁ።

የሞደሙ መብራት ጠፋ።

ኔትወርክ የለም። ስልኬንም አየሁ። የለም። ያን ሰሞን እንዲህ መጥፋት ልማዱ ነበር፣ አንዳንዴ ለደቂቃ፣ አንዳንዴ እስከ ማታ። ሞደሙን ነቀልኩ፣ ሰካሁ። ነቀልኩ፣ ሰካሁ። የብረቱን በር ደበደብኩ። በቀዳዳው አየሁ፤ መንገዱ ላይ ፀሐይ ብቻ ናት።

መሬት ላይ ቁጭ አልኩ።

ዒጋል አሁን ስልኩን ያነሳል። ዲራዕ መስሎት ይከፍተዋል። የልጁ ሙሽራ፣ ጸጉሯ ተገልጦ፣ አንገቷ ተገልጦ... ብቻውንም አያየውም፣ የጫት በርጫ ላይ ነው፣ አጠገቡ ያለው ሰውም አንገቱን ያሰግጋል። ከዚያ ሐርተሼክ ይደወላል። ከዚያ አባቷ። ሠርጉ ይቀራል። ኤዶ ሳዳ ወላሂ ብላ ነበር፣ ከእንግዲህ ይሄን በር የምትከፍት ሙሽራ የለችም። ይሄ ሁሉ ለምን ሆነ? እኔ ፊት መሥራት ስላቃተኝ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጓጉንቸሩ ተከፈተ።

ገና ከመግባታቸው የኤዶ ሳዳ ስልክ እየጮኸ ነበር። ኔትወርክ ተመልሷል ማለት ነው። እኔ መጋረጃዬ ጀርባ ቆሜ ሰማሁ። የደወለው ዒጋል ራሱ ነው። እሷ በሶማሊኛ አላውቅም ትላለች፣ ወላሂ እኔም አሁን መስማቴ ነው ትላለች። ዘጋችው። ወዲያው ሌላ ተደወለ። ከዚያ የነጅማ ስልክ። ከዚያ ሁለቱም ባንድ ላይ።

ከዚያ ኤዶ ሳዳ ስልኳን ዘግታ ጠራችኝ።

"ፋኑኤል። ና።"

ሳል አደረግሁ። "እለፍ" ያለኝ የለም። ቆምኩ። ደግሜ ሳልኩ።

"ና አልኩህ።"

መጋረጃውን ገልጬ ገባሁ። ነጅማ ስታየኝ የሻሿን ጫፍ ስባ ፊቷን እስከ ዓይኗ ሸፈነች። ነጅማ ከእኔ ፊቷን ሸፍና አታውቅም። ከዚያ ቀን በፊት ለእሷ እንደ ወንበሩ ነበርኩ፣ እንደ ወንድሟ ነበርኩ።

"ኤዶ፣ ይቅር በይኝ" አልኩ። "ቢሻሮን..."

"ቢሻሮ ምን ሆነች?"

"ፎቶዋን..."

ግራ ገብቷት አየችኝ። ከዚያ ስልኳን ዘረጋችልኝ።

ኢሜይሉ ነው። ከላይ እኔ የጻፍኩት ርዕስ አለ። ከታች እኔ የደረደርኩት ጽሑፍ አለ። መሃል ላይ ፎቶው።

እኔ ነኝ።

ከስክሪኑ በኩል የተነሳ ፎቶ ነው። ከኋላዬ ያልተቀባው ብሎኬት ይታያል። አፌ ተከፍቷል። ላቤ ግንባሬ ላይ ያበራል። ዓይኖቼ... ዓይኖቼን ልነግራችሁ አልችልም። የሰው ቤት ቀዳዳ ላይ ዓይኑን የደቀነን ሰው ከቀዳዳው ማዶ ሆናችሁ ብታዩት፣ እሱ ነው።

ኮምፒውተራችን ካሜራ የለውም። አሮጌ ዴስክቶፕ ነው።

ኤዶ ሳዳ አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር።

"ምን እያየህ ነበር?" አለችኝ።

ዓይኔን ከስልኩ ላይ ነቀልኩ።

"ልጄ፣ ምን እያየህ ነው እንዲህ የሆንከው?"

"ፊቱን እይው እንጂ" አለች ነጅማ ከሻሿ ውስጥ፣ ቀስ ብላ። "ሌላ ምን ይጠየቃል።"

ኤዶ ሳዳ ስልኳን መልሳ ወሰደችና ደረቷ ላይ አስደገፈችው፣ ፎቶው እንዳይታያት። ለእናቴ ምን ብላ እንደምትነግራት እንደማታውቅ ነገረችኝ። ሚኒሶታም፣ ለንደንም፣ ዒጋል ቤትም ያ ፊት ደርሷል። የሴቶች ቤት ውስጥ ተደብቆ የሚያይ ወንድ ፊት።

ዕቃዬን ሰብስቤ ወጣሁ።

የቢሻሮ ሠርግ በቀኑ ተደረገ። ኢሜይሉ ላይ ፊቷን ያየ የለም። ይሄ እውነት ነው፣ ደስም ይለኛል። ነጅማ ቆይታ በስልክ እንደነገረችኝ፣ እኔ ከወጣሁ በኋላ ማህደሩን ስታገላብጥ የቢሻሮ ፎቶ ጨርሶ አልነበረም። ፊቷም፣ እጇም። የእኔን ፎቶ ግን አግኝታ በገዛ እጇ አጥፍታዋለች።

እዚህ ላይ ቢያልቅ አልጽፍላችሁም ነበር።

ኢሜይሉ ለእኔም ይደርሰኝ ነበር፣ ለሙከራ ብዬ የራሴን አድራሻ ስላስገባሁ። ፎቶው ከማህደሩ ጠፍቷል፣ ስለዚህ ባዶ ቦታ ነው መታየት ያለበት። ማታ ስከፍተው ግን እኔው ነበርኩ፣ አፌን ከፍቼ።

በማግስቱ ደግሜ ከፈትኩት። የጸጉሬ ጫፍ የለም።

ስልኬ ነው አልኩ። በሌላ ቀን ስከፍተው ጸጉሬ በሙሉ የለም። ከላይ ተቆርጧል፣ ቀጥ ባለ መስመር። በሌላ ቀን ግንባሬ።

ለነጅማ ደወልኩላት። አንቺ ነሽ የምትቆርጪው አልኳት።

"እኔ? ካጠፋሁት ቆየሁ እኮ። እዚያ ምንም የለም" አለች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "ፋኑኤል... ማነው የሚቆርጠው?"

መጀመሪያ ሰሞን ከተማው ሁሉ ያውቀኝ ነበር። ባጃጅ ስጠራ ሹፌሩ አይቶኝ ያልፋል። መንገድ ዳር የሚቅሙት ልጆች "ሙሽራው!" ይሉኛል። አንገቴን ደፍቼ በጓሮ በጓሮ ነበር የምሄደው።

መስመሩ ቅንድቤ ላይ ሲደርስ ባጃጅ ይቆምልኝ ጀመር። ዓይኔ ላይ ሲደርስ ልጆቹ ዝም አሉ። ሳልፍ ቀና ብለው ያዩኛል፣ ከዚያ ወደ ጫታቸው ይመለሳሉ። ተረሳልኝ አልኩ። ደስ አለኝ። እንዲያ ደስ ማለቴ ራሱ አሳፈረኝ፣ ግን ደስ አለኝ።

ብርቱካን የምትሸጠው ሱዕዲ ከልጅነቴ ጀምሮ በስሜ ነው የምትጠራኝ። አንድ ቀን ከፊቷ ቆምኩ። "ምን ልስጥህ፣ የማን ልጅ ነህ?" አለችኝ።

በሌላ ቀን ነጅማን መንገድ ላይ አገኘኋት። ፊቷ አልተሸፈነም። ሰላም አልኳት። እንደማታውቀው ሰው ዓይኗን መሬት ላይ ጥላ አለፈችኝ።

ያን ዕለት ኢሜይሉን ስከፍት የቀረው አፌ ብቻ ነበር። እንደተከፈተ።

ከዚያ በኋላ አልከፈትኩትም። ብተወው ይቆማል ብዬ። አንድ ሐሙስ ግን፣ ፀሐይ አናት ላይ ሆና፣ ሰው ሁሉ ቤቱ ገብቶ፣ አንድ ዝግ ሱቅ ጥላ ሥር ቆሜ ሳላስበው እጄ ከፈተው።

የሸሚዜ ኮሌታ ነው። ከኮሌታው በላይ ምንም።

ወደ ቤት ሄድኩ። በሩን አንኳኳሁ። እናቴ ከፈተችልኝ።

ነጠላዋን ሰብሰብ አደረገች። እንግዳ ሲመጣባት እንደምታደርገው። ፈገግታዋም ለእንግዳ የምትሰጠው ፈገግታ ነው።

"አቤት?" አለችኝ።

"እማዬ..."

ዓይኗ ኮሌታዬ ላይ ነበር። ከዚያ ፊቴን ፍለጋ በአንገቴ ላይ ወደ ላይ ሄደ። ከፍ አለ። ከዚያም ከፍ አለ። ቀስ እያለች አንገቷን ወደ ኋላ ታዘነብላለች፣ ነጠላዋ ከራሷ ላይ ተንሸራተተ፣ የመስጊድ ሚናራ ጫፍ እንደሚፈልግ ሰው... ከፍ... ከፍ...

"ልጄ ለምሳ አልመጣም" አለች፣ ሰማይ ሰማይ እያየች። "ማን መጣ ልበለው?"